ቡፌው ውስጥ የገባው ዘበኛ

ጎረቤቴን ሰፈሩ ሁሉ ሚሊሜትር ነው የሚለው። አናጢ ነው። ስሙን ያወጣችለት አንዲት ደንበኛ ነች። ቁም ሣጥኗን ልትወስድ ስትመጣ፣ አንደኛው በር ከሌላው በአንድ ሚሊሜትር ዝቅ ብሏልና አልሰጥሽም፣ ሳምንት ቆይተሽ ነይ አላት። «እኔ የምሰቅለው ልብስ ነው እንጂ ሚሊሜትር አይደለም» ብላ ተበሳጭታ ወጣች። ስሙ በዚያው ጸና። እሱም አልተቀየመም። ሰው በሙያው ሲጠራ ምን ያስቀይመዋል?

ሠላሳ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ኖረናል። ከዚህ በታች ያለውን ግማሹን በዐይኔ አይቻለሁ፤ ግማሹን እሱና ልጁ ነግረውኛል። የጨመርኩበት ነገር የለም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። የሰፈሩን ሙሽራና የሰፈሩን ተማሪ ያለበሰች እሷ ናት። ሕመሙ ሲጀምራት ማንም ልብ አላለውም። በአንድ ኮት ላይ ሁለት የግራ እጅጌ ሰፍታ ሰጠች፤ ባለኮቱም እሷም ሳቁ። መቀሱ ከዱቄት ጣሳ ውስጥ ተገኘ፤ እርጅና ነው ተባለ። ከዚያ አንድ ቀን ምሳ አቅርባለት ስታበቃ፣ «ባለቤቴ ሲመጣ ይቆጣል፤ ቶሎ በልተህ ብትሄድ ይሻላል» አለችው። እሱም የቀረበለትን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወደ ሥራ ቤቱ ወጣ። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ አልተለወጠም፤ እጁ ግን የያዘውን እርሳስ ሰበረው።

ሐኪሙ የመርሳት ሕመም መሆኑን ነገራቸው፤ አይድንም፣ ዋናው ነገር ከቤት እንዳትወጣ በሩን መጠበቅ ነው አለ። መውጣቱንማ ጀምራው ነበር። መጀመሪያ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆማ ተገኘች። ሁለተኛው ጊዜ ከዋናው መንገድ መካከል፣ መኪናው ግራና ቀኝ እየተጠማዘዘ ሲያልፋት። ከዚያ ወዲህ ሚሊሜትር እንቅልፍ የለውም፤ ሥራ ቤቱ ከግቢው ጀርባ ስለሆነ መላጊያውን ሁለቴ ገፍቶ ይቆማል፣ ሄዶ ያያታል፣ ተመልሶ ሁለቴ ይገፋል። በሩን ቆልፎባትም ያውቃል። መዳፏ እስኪያብጥ በሩን ደበደበችው። «ሰው ዘጋብኝ» ያለችውን ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። በማግሥቱ ቁልፉን ራሱ ነቅሎ ጣለው። ዳግመኛ አልቆለፈባትም።

ልጃቸው ኮምፒውተር ጠጋኝ ነች፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ትሠራለች፣ የምትኖረው ከከተማው ማዶ ነው። እሷ ነች መላ ያመጣችው። ግድግዳው ላይ ቀይ መብራት ያላት ትንሽ ካሜራ ሰቀለች። እናቷ ሦስት ቀን በዐይኗ ስትከተላት ሰነበተችና በአራተኛው ቀን በመጥረጊያ እንጨት አወረደቻት። «ግድግዳው ዐይን አበቀለ» እያለች ቀኑን ሙሉ ስትንቀጠቀጥ ዋለች። ሁለተኛዋን በጨርቅ ሸፈነቻት፤ ጨርቁ ሲነሳ ደግሞ ካሜራዋን ነቅላ ባልዲ ውስጥ ጨመረቻት። ልጅቱ በመጨረሻ አባቷን ለብቻው ጠርታ እንዲህ አለችው፤ ካሜራው ከነማሽኑ እናቴ በማትፈራው ነገር ውስጥ መግባት አለበት።

በቤቱ ውስጥ የማትፈራው ዕቃ አንድ ነበር፤ ቡፌው። ልጃቸው በተወለደችበት ዓመት ሚሊሜትር በገዛ እጁ የሠራው ነው። ላይ ላዩ መስታወት አለው፤ ሳህኖቿና ብርጭቆዎቿ ይደረደሩበታል። ከታች ሁለት በር፣ ከመካከል ሦስት መሳቢያ። ባሏን በረሳችበት ቀን እንኳ ቡፌውን አልረሳችም፤ በየጠዋቱ ትወለውለዋለች።

ማሽኑ ሰርቨር ይባላል፤ ምን እንደሆነ እኔ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ደጋግሜ ጠይቄ ነው የተረዳሁት። ማያ የሌለው፣ ማንም ከፊቱ ተቀምጦ የማይጽፍበት፣ ግን ሳይጠፋ የሚሠራ ኮምፒውተር ነው። ካሜራው ያየውን ይቀበላል፣ ያስቀምጣል፣ በሩ ሲከፈት ያስታውቃል። ይህን በኢንተርኔት ኪራይ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ አሉ። ልጅቱ ግን እንቢ አለች። የእናቴን ጓዳ ባዕድ አያየውም፣ የሚታየው ሁሉ እዚሁ ቤት ይቀራል አለች። በዚህ ልጅቱን አከበርኳት።

አባትና ልጅ ሁለት እሑድ ሠሩበት። እሷ ከመሥሪያ ቤቷ የተጣለ ኮምፒውተር አምጥታ ቆርቆሮውን ገፈፈችና ሆድ ዕቃውን ብቻ አወጣች፤ ማዘርቦርድ የሚሉትን ዋና ሰሌዳ፣ ሁለት ዲስክ፣ አንድ ማራገቢያ። እሱ በቡፌው የግራ በር በኩል መደርደሪያውን አውጥቶ ለእያንዳንዱ አካል መቀመጫ ቀረጸለት። ሽቦው እንዳይታይ ብሎ የቡፌውን እግር ከውስጥ ፈለፈለና በዚያ አሳለፈው። ካሜራዋን ከመስታወቱ በላይ ባለው አበባ ቅርጽ መካከል፣ የምስር ፍሬ በምታህል ቀዳዳ ደበቃት። በቤቱ መውጫ በር ላይ፣ ሲከፈት ለማሽኑ የሚያስታውቅ ማግኔት አደረጉ። ሥራ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ቀይ አምፖል ተሰቀለ፤ አንድ ጆሮው ከመጋዝ ብዛት ደንቁሯልና ደወል አይበቃውም። በሩ ከተከፈተ አምፖሉ ይበራል።

ክርክር የተነሣው ስለ ቡፌው ጀርባ ነው። ልጅቱ ማሽኑ ሲሠራ ስለሚግል ከኋላ ሁለት መዳፍ የሚያህል ክፍት፣ ከታችም ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት ሌላ ክፍት ያስፈልገዋል አለችው። ሚሊሜትር ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። አናጢ የሚታወቀው በጀርባው ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው፤ ፊቱን ማንም ያሳምረዋል ይላል። ክፍት ጀርባ ያለው ዕቃ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም።

«አባዬ፣ የሬሳ ሣጥን አይደለም የምንሠራው። ይተንፍስ» አለችው።

«ይተነፍሳል። ሰው በአፍንጫው ይተነፍሳል እንጂ ሆዱን ቀዶ ነው እንዴ የሚተነፍሰው?»

በመጨረሻ ተስማሙ። ከኋላና ከታች ፍርግርግ አበጀለት፤ ጣት የማያስገቡ፣ በረድፍ የተቦረቦሩ ክብ ቀዳዳዎች፣ ሁሉም እኩል። አይቼዋለሁ፤ ሥራው ያምር ነበር። ልጅቱ እጇን አስጠግታ አየሩ ሲወጣ ከተሰማት በኋላ ይሁን አለች።

እሱን የሚያስፈራው እሳት ነበር። እንጨት፣ ቫርኒሽ፣ ውስጡ የጋለ ማሽን፣ አጠገቡ የታመመች ሴት። ልጁን ደጋግሞ ጠየቃት። እሷም ልቡ እንዲያርፍ ብላ፣ ከልኩ በላይ ሲግል ራሱን በራሱ ያጠፋል፣ አይቃጠልም ብላ አስረዳችው። ይህን ሲሰማ እፎይ አለ። ለእኔም እንደ ምሥራች ነው የነገረኝ። ሁለታችንም የሰማነው ግማሹን ነው። ማሽኑ ራሱን ካጠፋ በሩን ማን ይጠብቃል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ለሚስቱም የነገራት የለም። ለደኅንነቷ ነው ተባለ፤ ከምትፈራ ባታውቅ ይሻላል። በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ቡፌዋ ውስጥ ምን እንዳለ ከሷ በቀር ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ማሽኑ አምስት ሳምንት ሠራ። አምፖሉ ሁለት ጊዜ በራ፤ ሁለት ጊዜም ከግቢው ደጃፍ ላይ ደረሰባት። ሚሊሜትር እንደገና እንደ ሰው መሥራት ጀመረ። አምፖሉ ካልበራ እሷ ቤት ናት። ዝም ካለ ደኅና ነው። ሙያው ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ በሩ ካላንቋረረ፣ ወንበሩ ካልተንቀጫቀጨ፣ ሥራው ጸንቷል ማለት ነው።

ማክሰኞ ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ውኃ ሊጠጣ ወደ ቤት ገባ። በሩ ገርበብ ብሏል። ቤቱ ባዶ ነው። ዘወር ብሎ ወደ ሥራ ቤቱ ቢሮጥ አምፖሉ አልበራም። ተመልሶ እጁን ቡፌው ላይ አሳረፈ። ትኩሳት እንደያዘው ሰው ግንባር ይፋጃል፤ ቫርኒሹ ይሸታል። ጆሮውን ለጠፈበት። ምንም ድምፅ የለም።

እኔን የጠራኝ ያኔ ነው። ሲጣራ ስሜን እንኳ አላወጣውም፤ «ኧረ ና፣ ኧረ ና» ብቻ ነው ያለው።  ጫማዬን ሳላጠልቅ ወጣሁ። መቼ እንደወጣች አናውቅም፤ አምስት ደቂቃም ይሁን ሁለት ሰዓት። ከማእዘኑ ላይ ፍራፍሬ የምትሸጠው ሴት ግን አይታታለች። ከዘራዋን ሳትይዝ፣ በነጠላ ጫማ፣ ቶሎ ቶሎ እየተራመደች ወደ ላይ ሄደች አለችን። ሚሊሜትር ይህን ሲሰማ ክው አለ። «ወደ ድሮው ቤታችን ነው» አለ።

የድሮ ቤታቸው ማለት እንደተጋቡ ተከራይተው የኖሩበት ነው። ከፈረሰ ቆይቷል። ዛሬ በቦታው ላይ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ እየተሠራ ነው፤ ምሰሶና ወለል እንጂ ግድግዳ ገና የለውም።

እየሮጥን ደረስን። ሁለት ሽማግሌ ሮጠ ቢባል ማን ያምናል፤ ግን ሮጥን። ከሕንፃው ሥር ጠጠር ላይ አንዲት ነጠላ ጫማ ወድቃ አየሁ። የሷ ናት። ሚሊሜትር ቀጥ ብሎ ቆመ። ከጫማዋ ወዲያ ማየት ፈራ፤ እኔ ነኝ አንገቴን አስግጌ የተመለከትኩ። ጠጠሩ ላይ ሌላ ነገር አልነበረም። ቀና ስንል፣ ሦስተኛው ወለል ጠርዝ ላይ ቆማለች። አንድ እግሯ ባዶ ነው።

የሕንፃው ዘበኛ ሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ብቅ አለና፣ «ቤቴ ነው ብለው ሲገቡ የባለቤቱ እናት መስለውኝ እኮ ነው» አለ። አልፈነው ገባን።

ደረጃው መደገፊያ የለውም። ሚሊሜትር ከፊት እየወጣ፣ እኔ ከኋላው። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ሁለት ሰው ካየች ትደነግጣለች ብሎ በእጁ ከለከለኝ። ከደረጃው አፍ ላይ ቀረሁ። ከዚያ ያየሁትን አልረሳውም። ጀርባዋን ሰጥታናለች። የእግሯ ጣቶች ከሲሚንቶው ጠርዝ አልፈዋል። በእጇ አየሩን ትዳስሳለች፤ የበሩን እጀታ እየፈለገች ነው።

ሊጠራት ነው ብዬ አሰብኩ፤ አልጠራትም። ቢጠራት ትዞራለች፣ ብትዞር ትወድቃለች። ራቅ ብሎ ቆመና፣ በአርባ ዓመት ትዳር አንድ ቀን ተናግሯት በማያውቀው ቋንቋ ተናገራት።

«እንደምን ዋሉ እትዬ። አናጢ ነኝ። ለበሩ ልክ ልወስድ ነው የመጣሁት።»

ሳትዞር፣ «በጊዜ ነው የምትመጣው!» አለችው። «በሩን አጣሁት እኮ።»

«አዲስ እንሠራለን። ልኩን ካገኘሁ ዛሬውኑ እጀምራለሁ።» ከኪሱ ሜትሩን አወጣ፤ የብረት ሜትር ነው፣ አምስት ሜትር ይሆናል። ጫፉን እየመዘዘ ወለል ለወለል ገፋላት። ብረቱ ሲሚንቶውን ሲነካ ይንጫጫል። «ረዳት የለኝም። ጫፉን ቢይዙልኝ።»

ቀስ ብላ ዞረች። እኔ ዐይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ጎንበስ ብላ ጫፉን አንሥታለች።

«ብቻህን ነው የላኩህ? ልክ በአንድ ሰው ይወሰዳል?» አለችው።

«ምን ላድርግ ብለው ነው።»

«ወጥር። ሜትር ሲላላ ይዋሻል። እኔ በዚህ ነው የምተዳደረው።»

ወጠረ። ሜትሩ በሁለቱ መካከል ተንሳፈፈ። ከዚያ፣ ይህኛው ወገን ደኅና ነው፣ አሁን የውስጠኛውን እንለካ ብሎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። እሷም ጫፉን እንደያዘች አንድ እርምጃ ተከተለችው። የወለሉን ጠርዝ ለቀቀች። አሁንም አንድ እርምጃ። ልኩን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ሁለት ሜትር ከአሥር፣ ሁለት ሜትር ከአርባ። እሷ ታርመዋለች፤ ደግመህ እይ ትለዋለች። እንዲህ እያሉ ደረጃው ድረስ መጡ። ክንዷን እንደያዘ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ፤ እሷም አብራው። «ምነው፣ ሕመምተኛ ነህ እንዴ?» አለችው፤ በነጠላዋ ጫፍ ላቡን ጠረገችለት።

ልጅቱ ከሥራ ወጥታ በታክሲ ደረሰች። ለአየሩ ሲባል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ተትቶለት የነበረውን ቡፌ ከግድግዳው ነጠልነው። ከኋላው ያሉት ቀዳዳዎች ሁሉ ተደፍነዋል። በየቀዳዳው የጨርቅ ውታፍ ገብቷል፤ እያንዳንዱ በልኩ ተቆርጦ፣ ጠርዙ እንዳይተረተር በክር ተቀምቅሞ። ከታች ያሉትም እንዲሁ። ስፌቱ የሷ ነው። የቀሚሷን ቁልፍ መቆለፍ ያቃታት ሴት ይህን ሁሉ መቼ እንደሰፋችው አናውቅም። ማሽኑ ታፍኖ፣ ግሎ፣ እንደተባለው ራሱን አጥፍቶ ነበር። ራሱን አዳነ፤ እሷን ተዋት።

ልጅቱ ውታፎቹን በመዳፏ ይዛ አለቀሰች። እናቷ ከአልጋዋ ጫፍ ተቀምጣ በኩራት ታያታለች። «በዚያ በኩል ትኩስ ነፋስ ይወጣል» አለች። «አባትሽ ጀርባው ተበላሽቶበት ትቶት ነው። ሰው ሳያይበት ጠገንኩለት።»

ሚሊሜትር መጋዙን አምጥቶ ያን የመሰለ ፍርግርግ ቆርጦ ጣለው። ጀርባው ሰፊ ክፍት ሆኖ ቀረ፤ የተቆረጠው እንጨት ስንጥር እንኳ አልተላገም። ልጅቱም በበኩሏ ሌላ አምፖል ጨመረች፤ አረንጓዴ፣ ማሽኑ በሕይወት እስካለ የሚበራ። ከጠፋ ሩጥ አለችው።

በማግሥቱ ጠዋት ሚስቱ ደኅና ቀን ነበራት፤ በስሙ ጠራችው። እኔም ቤታቸው ነበርኩ። እጇን ይዞ ቡፌው ፊት አስቀመጣትና የግራውን በር ከፈተው። ማራገቢያው ሲዞር፣ ትንንሽ መብራቶች ሲብለጨለጩ አየች። ወደ ኋላ ሸሸች፤ እጇን ግን አልለቀቀም። ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደተቀመጠ፣ ከተደበቀችው ካሜራ ጀምሮ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ትላንት የት እንደነበረችም ነገራት።

ዐይኗን ወደ እሱ መለሰች።

«እኔን ነው የምትፈሩት?» አለች።

«መሄድሽን ነው የምፈራው።»

«እኔስ የማልፈራ መሰለህ? በሩን ስከፍተው የማውቀው መንገድ ነው። ትንሽ ስሄድ የማላውቀው ይሆናል። ያኔ ማንን እንደምጣራ ይጠፋኛል።» ማሽኑን ተመለከተችው። «ዘበኛ ካቆማችሁብኝ ንገሩኝ እንጂ። ሳላውቅ አነቅሁት።»

እነግርሻለሁ አላት። ይህን ሲል ግን ምን እንደተናገረ የገባው ቆይቶ ነው። የነገራትን ለማግሥቱ አታሳድረውም። ስለዚህ በየጠዋቱ እንደ አዲስ ይነግራታል።

ይኸው አሁን ስምንት ወር ሆነው። ሥራው እንደ ድሮው አይደለም፤ ዐይኑ ከአረንጓዴው አምፖል አይነቀልም፤ ባለፈው ወር አንድ እግሩ ያጠረ ጠረጴዛ ከእጁ ወጥቶ ተመለሰበት። ይቅርታ ጠይቆ ተቀበለው። ሰፈሩ ሲቀልድበት ይሰማል፤ አይመልስም።

አንዳንድ ጠዋት ሲነገራት ትስቃለች፤ የዘበኛው ደመወዝ ስንት ነው፣ ምሳ ይበላል ወይ ትላለች። አንዳንድ ጠዋት ደግሞ ገና የቡፌው በር ሲከፈት ትጮሃለች፤ ይህን ሰውዬ አውጡልኝ ትላለች፤ ሰውዬው ማሽኑ ይሁን ባሏ አይታወቅም። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ከጥግ ተቀምጣ ትንቀጠቀጣለች። ልጅቱ፣ አባዬ ይቅርብህ፣ ዝም ብለህ ዝጋው ብላዋለች። ቃል ሰጥቻታለሁ አላት።

ስለዚህ በየጠዋቱ እጇን ይዞ ቡፌው ፊት ያስቀምጣታል። እጀታውን ይይዝና ጥቂት ይቆማል፤ ፊቷን ያያል። የትኛዋ ሚስቱ እንደሆነች፣ የምትስቀው ወይስ የምትጮኸው፣ ከፊቷ ማወቅ አይችልም። ከዚያ ይከፍተዋል።